ልጄን ሳልለካ የሰፋሁት ቀሚስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሐረር

ለልጄ ለማርታ የሰፋሁትን ቀሚስ ትናንት ፌስቡክ ላይ የስፌት ወዳጆች በሚሰባሰቡበት ገጽ ለጥፌው ነበር። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው የመጣው ሁሉ ነቀፋ ነው። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ኪሱ ወደ አንድ ወገን ወርዷል ይላሉ። ይህንስ ራሴም አይቼዋለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፣ የምሰፋው ደስ ስለሚለኝ ነው። ያመመኝ የአንዲት ሴት ጥያቄ ነው፦ «ልጅቷን ሳትለኪ ነው እንዴ የቆረጥሽው?»

አዎ፣ ሳልለካ ነው። ሐረር ከተመደብኩ ጀምሮ ማርታ ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ናት። ካየኋት ዓመት አለፈ። ልኩን የወሰድኩት እዚህ ፈላና በር ሰፈር ከጎረቤቴ ከፋጡማ ልጅ ነው።

ሙሉውን ልፈታው መቀስ ካነሳሁ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ እስቲ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ በስንዝር ይለኩልኝ» አልኳቸው። ለክተው «አራት ስንዝር ከሁለት ጣት። አድጋብሻለች እኮ» አሉኝ። ቀሚሱን በራሴ ስንዝር ብለካው በሁለት ጣት አነሰ። የታችኛውን እጥፋት ብቻ ፈትቼ ዝቅ አደረግኩና በእጄ መልሼ ሰፋሁት። አሁንም ቀጥ አላለም። ይሁን፤ ልጄ ትለብሰዋለች። ሰኞ ወደዚያ በሚሄድ ባልደረባዬ እልከዋለሁ።

ይህንኑ ለማርታ ልነግራት አመሻሽ ላይ ደወልኩ። በጣም ደስ አላት። «ሌላ ስትሰፊልኝ ግን መጥተሽ ራስሽ ለኪኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም።