ጆንያ የተሸከመው ሰውዬ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ፣ ጧት 1 ተኩል

ተነሽ ደብተሬ። ውኃ አልመጣም። እማዬ በር ላይ ከባለ አህያ ጋሪው ጋር ትነታረካለች። ታናሽ እኅቴ ብርቄ አኩርፋለች፤ ጫማዋ ውስጥ የተቀቀለ ባሚያ አስተኝቼላት እንቁራሪት መስሏት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጩኸቷ ግን የሠላሳ።

እኔም ቅጣት ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መ/ርት ሙሉን የፍየል ጆሮ ቀጥዬ ት/ቤቱ በር ላይ ሥያት ነበር። ተያዝኩ። ቅጣቱ፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልልቅ ሥዕል። ልጆች ሰውነታቸውን እንዲጠብቁ የሚያስተምር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ ብላት፣ የፍየሉን ጆሮ ማን አስተማረሽ አለችኝ።

የሚጻፈውን ሰጥታኛለች። ሰውነቴ የኔ ነው። የውስጥ ልብሴ የሚሸፍነውን ማንም አይነካም። ካልፈለግሁ አይ እላለሁ፣ እሸሻለሁ፣ ለማምነው ሰው እናገራለሁ። ሳነበው ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

ይቻላል። ከሒና ባለሙያዋ ከሲት ሰዕዲያ ጋር የሙሽሮች እጅና እግር ላይ የምሥል እኔ፣ ወረቀት ያቅተኛል?

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 9

አንደኛው አለቀ። ክፉውን ሰው ማን ላድርገው ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም። የዚህ ሰፈር ልጅ የሚያድገው በአንድ ማስፈራሪያ ነው፦ ካልተኛሽ ጆንያ ተሸካሚው ከቶ ይወስድሻል። ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር መንገዱ በተሸካሚ ስለሚሞላ ማስፈራሪያው አያልቅም። ስለዚህ ጆንያ። የተቀደደ ጀለቢያ። ጥርስ እንደ ማበጠሪያ። ፊት ሲጎድለኝ የአያ ኢድሪስን ጠማማ አፍንጫ ተዋስኩ። ሰሊጥ ተሸካሚ ነው፣ ከኛ በር ፊት ለፊት ጥላ ሥር ያርፋል። ለቀልድ ነው እንግዲህ።

ተለጠፈ። ት/ቤት የምንለው ሁለት ክፍል ነው፤ በቀሩት ክፍሎች ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ሰዎች ይኖራሉ። የነሱም ልጆች ሊያዩ መጡ። ጮኹ፣ ሳቁ፣ "አይ!" ማለት ተለማመዱ። ጉራዬን አትጠይቂኝ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ፣ ረፋድ

ተበላሸ። ልጆቹ ትናንት አያ ኢድሪስን "አይ! አይ!" እያሉ በጓል አሳደዱት። ጆንያውን አውርዶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ምን አጠፋሁ ልጄ፣ አለኝ። ሳቄ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ብርቄ በወባ ስትንቀጠቀጥ፣ መንገዱ ጎርፍ ሲሆን፣ እማዬን አስከትሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። በዚያው ጀርባው።

ብርቄ አልወረወረችም። እሷ የምትፈራው ሌላ ነው፤ ከጋሼ ይርጋ ሱቅ ስልክ አምጪ ስትባል። ጋሼ ይርጋ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ በሶላር የሚሞላ፣ ነጭ ለባሽ፣ ድምፁ ማር። ዛሬም አልሄድም አለች። ኤሊ አልኳት። የኤሊ አካሄድ እያሳየሁ ገፍቼ ላክኋት። እስከ ማዕዘኑ ሄዳ ባዶ እጇን፣ እያለቀሰች ተመለሰች።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ 4

ላባብላት ብዬ ሒና በጠበጥኩ። የሲት ሰዕዲያ ሕግ አለ፦ እጅ አይጎተትም። የተጎተተ እጅ ይደነግጣል፣ መስመሩ ይበላሻል። መዳፍሽን ዘርግተሽ ትጠብቂያለሽ፤ ባለቤቷ ስትሰጥሽ ትጀምሪያለሽ። ዘረጋሁ። ጠበቅሁ። ብርቄ ሰጠችኝ፣ ነጠቀችኝ፣ መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ ጋሼ ይርጋ አይጠብቅም አለች።

ቀስ ብዬ ሰማኋት። ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ይጎትታታል። አቅፎ አልለቅም ይላል፤ ሳሚኝ ይላል። ከረሜላ ይሰጥና ለእናትሽ እንዳትነግሪ ይላል። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ደንበኛ ሲጣራ አመለጠች።

እኔ ደግሞ ኤሊ እያልኩ እገፋታለሁ። እኔ! የምሥለው አበባ ተጣመመ። ከመምህርቷ ወረቀት ያነበብኩትን አልኳት፦ አንቺ አላጠፋሽም። እንኳን ነገርሽኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 10

ለእማዬ ነገርኳት። "ደግሞ ጀመረሽ?" አለችኝ። ባለፈው ወር አከራያችን ሞቱ ብያት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስታለቅስ እሳቸው ራሳቸው አንኳኩተው ገብተዋል። ማልኩላት። ጭራሽ ሳቀች። አልፈርድባትም። አርባ ጊዜ ዋሽቼ ዛሬ እውነት ስይዝ የማስቀምጥበት ፊት የለኝም።

ሮጬ መ/ርት ሙሉ ቤት። ስለ አመሌ አልጠየቀችኝም። በሩን ዘጋች፣ ጻፈች። ልጅቷን ደጋግማችሁ አትጠይቋት፣ ሱቁን እንዳትረግጥ፣ እናትሽን እኔ አናግራለሁ አለች።

ጥቅምት 17፣ እሑድ፣ ከሰዓት 11

ጧት ባለ ጆንያውን ገንጥዬ አወረድኩት። አዲሱ ላይ ክፉ ፊት የለም። ምን ብዬ ልሣለው? የጋሼ ይርጋ ጀለቢያ ነጭ ነው፣ ጥርሱም ነጭ። ሁለት እጅ ብቻ ሣልኩ፤ ተዘርግቶ የሚጠብቅ ትልቅ እጅ፣ ገና ያልሰጠ ትንሽ እጅ። ከሥሩ፦ የምታውቁት ሰውም ቢሆን ይጠብቅ። ሁለተኛው ሥዕል ላይ፦ ለእናትሽ እንዳትነግሪ የሚልሽ ካለ፣ ሮጠሽ ለእናትሽ ንገሪ።

አያ ኢድሪስን ልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ማሊሽ፣ ግድ የለም፣ አፍንጫዬን ግን አሳምረሽዋል አለ።

መ/ርት ሙሉ አሁን ወጣች። እማዬ ሁሉንም አዳመጠች። ብርቄን ልትጎትት እጇን ሰነዘረች። መምህርቷ በዓይኗ ከለከለቻት። እማዬ መዳፏን ዘርግታ ተቀመጠች። ቆየ። ቆየ። ብርቄ ራሷ ሄዳ እጇን ሰጠቻት። ከዚያ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ስልኩን ከሱቁ ራሷ አመጣች። አልሞላም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ ጧት 2

ሽማግሌዎች ትናንት ሲመሽ መጥተው ነበር። ነገሩ በውስጥ ይለቅ፣ የሰው ስም አይጥፋ፣ ደግሞስ ስልካችንን የት ልንሞላ ነው አሉ። እማዬ፣ ስልኩ ጨለማ ይዋል አለች። ኸላስ፣ አለቀ። መ/ርት ሙሉ ዛሬ ከሷ ጋር ወደ ፖሊስ ትሄዳለች።

ከዚያ በፊት በ3 ሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ። እኔ እቆማለሁ። የብርቄን ስም ሳልጠራ። አፌን ሳልከፍት እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ይሳቁ። ጨርሰው ዝም እስኪሉ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ ሲነግሯችሁ እመኗቸው እላለሁ። ወስኛለሁ።

ብርቄ በር ላይ ቆማ፣ ረፈደ፣ ጫማሽን አጥልቂ እንጂ ትለኛለች። አፏን በሁለት እጇ አፍናለች። ምን ያስቃታል? ቆይ ላጥልቅና— ወይኔ! የሚያዳልጥ ነገ—