የሳሙናው ሰውዬ ለብስኩቱ ሲሟገት

ወንድሜ በያጁ፣

«የንግድ ምክር ቤት ማለት ሻይ ጠጥቶ መበተን ነው» ትል የለ? ዛሬ እዚህ የፋብሪካ ከተማ ንግድ ምክር ቤት ገብቼ ጉድ አየሁ። የሳሙናና የብስኩት ፋብሪካ ባለቤቶች በጭስ ተጣልተው መጡ። የቤቱ ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ የባላጋራውን አቤቱታ እንደ ራሱ አድርጎ ይናገር የሚል ነው። የሳሙናው ሰውዬ ተነሥቶ «ብስኩቴ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ልጆች እየተፉት ነው» ሲል የራሱ ሆድ ባባ። «ይሄን የሳሙና ሰውዬ አንድ በሉልኝ» ብሎ ቁጭ አለ። ሰብሳቢዋም ረጋ ብላ «እሺ፣ ጭስ ማውጫህን መቼ ታዞራለህ?» አለችው።

እኔም ስመለስ አውቶቡስ ላይ፣ በልቤ፣ በመጋዙ ጩኸት ላኮረፍከው ለአናጢው ጎረቤትህ ተሟገትኩለት። አንተም ቤትህ ውስጥ የምታንኳኳበትን መዶሻ ስጠቅስ ነገሩ አለቀ፤ ይቅርታ፣ ተረታህ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አናጢውን ግን ራስህ ሰላም በለው።