እናቴ ናት ያልኩበት ቀን

ለውድ እናቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ተሻለዎ? በቆሎውስ ተፈለፈለ? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። ስልኩም ስለማይሠራ፣ መንገዱም ስለተዘጋ ይህን በሰው እጅ ልኬዋለሁ። የምታነብልዎ ያምሮት ትሁን። ያምሮት፣ የባልሽ ነገር ነውና ድምፅሽ ከተያዘ ትንሽ አርፈሽ ቀጥይ።

እናቴ፣ የወንድሜ የመልካሙ ይግባኝ ውድቅ ሆነ። የአሥራ ስምንት ዓመቱ እስራት ጸንቷል። ዞር ዞር ብዬ ልነግርዎ ብሞክርም ሌላ አነጋገር አጣሁለት።

ቡሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ስሾም እልል ያሉት ትዝ ይለኛል። ስድስት ዓመት የሰው ድንበርና የሰው ፍቺ ስዳኝ ኖርኩ። ፍኖተ ሰላም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስገባ ደግሞ ወንድሜ በድንበር ጠብ ሰው ገድሏል ተብሎ እኔው ችሎት ቀረበ። ዳኛ ዘመዱን አይዳኝምና ተነሣሁ፤ ሌሎቹ ፈረዱበት። ያኔ አልተቆጡኝም፤ ከፍ በል፣ ላይኛው ቤት ስትደርስ ታወጣዋለህ አሉኝ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሾም በጉን ያረዱት ለእኔ እንዳልነበር አውቃለሁ።

ይግባኙም ተከትሎኝ ባሕር ዳር መጣ። መዝገቡን አንብቤ ልነሣ ስል ሰብሳቢው ዳኛ አቶ እጅጉ አንድ ወረቀት አሳዩኝ። ምነው እናቴ! ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ እኔን ሳያዩኝ፣ መዝገብ ቤት ገብተው ቃል ሰጥተዋል። ዳኛው ልጄ አይደለም፣ እናቱ ታንጉት የምትባል የገበዝ ማርያም ሴት ናት፣ በአራስነቷ ስትሞት አንሥቼ አሳደግሁት እንጂ አልወለድሁትም፣ ስለዚህ ይዳኝ ብለዋል። አውራ ጣትዎን አትመውበታል።

አቶ እጅጉ፣ የጉዲፈቻ ውል እንኳ የለም፤ ሴትዮዋ ያሉት እውነት ከሆነ ተቀመጥ አሉኝ። ደሜ ፈላ። ለመልካሙ ብለው እኔን ካዱኝ አልኩ። ሐሰት ነው፣ እናቴ ናት፣ እሱም ወንድሜ ነው ብዬ ወጣሁ። በቦታዬ ሌላ ዳኛ ተተካ። ሁለቱ ይጽና አሉ፤ አቶ እጅጉ ብቻ ማስረጃው አይበቃም፣ ይፈታ ብለው ተለዩ። እኔም እንደ አቶ እጅጉ ነበር የማስበው፤ ተቀምጬ ቢሆን ሁለት ለአንድ ይፈታ ነበር።

ገና ሰበር ችሎት አለ ይሉኛል። እኔ ተስፋ አላየሁበትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛል። በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን ገበዝ ማርያም ድረስ ጧፍ ይልኩ ነበር። የማን ነው ስልዎ፣ የአንዲት ሟች አደራ ነው ይሉኝና ራሴን ይዳብሱኝ ነበር። መልካሙ ሲጠይቅዎ ግን አንተን አይመለከትህም ነበር የሚሉት። በዳኝነት ዘመኔ የስንቱን ምስክር ቃል መዝኛለሁ፤ የእርስዎን ሳልመዝን ጣልኩት።

ምንም አልጠይቅዎትም። መልሱ አሁን ለማን ይሆናል? መንገዱ ከተከፈተ የዘንድሮውን ጧፍ እኔው አደርሰዋለሁ። የሥራ መልቀቂያዬንም አስገብቻለሁ፤ ከዚህ በላይ የምወጣበት ቤት የለም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ያምሮትንና ልጆቹን ይጠብቅልዎ። እናቴ ናት በማለቴ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ