ሳልሞት ሻማ ላበሩልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ጥዑመልሳን፣
በካርቱም የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የሕዝብ ግንኙነትና የማኅበራዊ ሚዲያ ክፍል ኃላፊ፣
ካርቱም

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎና ከእጅዎ የማይለየው ስልክዎ ሁሉ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ ማስተባበያ ነው።

ካላክላ ገበያ በርበሬና ሽሮ የምሸጠው ይመኙሻል ነኝ። ባለፈው ወር ለእኛ ለትንንሽ ነጋዴዎች በማኅበሩ አዳራሽ ሥልጠና ሰጥተው፣ ደንበኛ የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን ስሜቱን ነው፣ ስለዚህ ብራንዳችሁ ከሰው ልብ ጋር መተሳሰር አለበት ብለው ሲያስተምሩን፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ራሳቸውን በአዎንታ ከሚነቀንቁት አንዷ ነበርኩ። በርበሬዬ ያለማንም እርዳታ ሰው ማስለቀስ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነው ያን ጊዜ ባስታውስዎ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። በማኅበሩ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እንዲሆነኝ ፎቶግራፌንም በገዛ እጄ ነው የሰጠሁዎት። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቀይ ሻሽ አስሬ በበርበሬ ጆንያዎች መካከል ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶግራፍ፣ ቀለሙ ይጮኻል በሚል ጥልቅ ምክንያት ጥቁርና ነጭ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። በርበሬዬ አመድ መስሏል። ሙቀት እንዲሰጥ ብለው ከጎኔ የበራ ሻማ አስቀመጡ፤ ከሥሩም «ይመኙሻል፣ ጣዕምሽ ከእኛ አይለይም» ብለው ጻፉበት። ክቡር ሆይ፣ እርስዎን የሚያህል የተማረ ሰው፣ የሐበሻ ልጅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሻማ ጋር ሲያይ ምን እንደሚል እንዴት ጠፋዎት? በአንድ ቀን ሦስት ሺህ ሰው «ነፍስ ይማር» አለኝ።

አንዱዓለም የተባለ ደንበኛዬማ «ነፍሷን ይማር፤ በርበሬዋ ግን ጨው ይበዛበት ነበር» ብሎ ጽፏል። አርባ ሁለት ሰው ላይክ አድርጎለታል። ወንድም ዓለም፣ በቁሜ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

፪. ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር የምትኖረው ሱዳናዊት ደንበኛዬ ጀሚላ፣ ከእኔ ቤት ሰው ሞቷል ሲሏት ጊዜ፣ በሚኒባስና ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ተንከራትታ መጥታ ሱቄ በር ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «አልፋቲሃ» አለች። የአገሩን የለቅሶ ወግ አውቃለሁና እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ማን እንደሞተ እኔ እሷን ጠየቅኳት፤ እሷም እኔን ጠየቀችኝ። ለራሴ ሐዘን ራሴ አሚን እንድል ያበቃኝን ብራንድዎን አላህም እግዚአብሔርም ይስጠው። የቀሩት ደንበኞቼ ግን ከልባቸው አዝነው ከሌላ ሰው ይገዛሉ።

፫. ይህኛው ላይ ስደርስ ቀልዴ ያልቃል። እናቴ ዳባት ነው የምትኖረው። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በሯን አንኳኩተው የእኔን ሞት አረዷት። በስልክ አግኝቻት እኔ ነኝ ብላት፣ ሊያጽናኗት ሌላ ሰው ያገናኟት መሰላት። «ድምፅሽ የሷን ይመስላል፤ ተባረኪ። ልጄን ግን በዐይኔ ሳላይ አላምንም» አለችኝ። ከዚያ ስሜን እየጠራች አለቀሰች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ስልኩን እንደያዝኩ ሱቄ ወለል ላይ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ። ስሜታዊ ትስስር ያሉን ይህንን ከሆነ፣ እኛ እናትና ልጅ ያለ ሥልጠናም ነበረን።

፬. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ይነሳልኝ ብዬ ስለምንዎ፣ ወንበር ሰጥተው ቀዝቃዛ ውሃ ስላስቀረቡልኝ ውለታዎን አልረሳም። በገጹ ታሪክ እንደ አንቺ የተወደደ የለም፣ አሁን ቢነሳ ተደራሽነታችን ይወድቃል፣ እስከ አርባሽ ታገሺና «ይመኙሻል ተመለሰች» የሚል ሌላ እናወጣለን፣ ኢንሻላህ፣ ብለው ሸኙኝ። እስካሁን ኢንሻላህዎን እንደ ቀጠሮ ልውሰደው ወይስ እንደ ጸሎት እያልኩ ነው። በሕይወት እያለሁ አርባዬን የሚቆጥርልኝ ሰው በማግኘቴ ግን ዕድለኛ ነኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ባለቀለም ፎቶግራፌን አውጥተው ከሥሩ «አለች» ብለው ይጻፉ። አንድ ቃል ናት፤ ብዙ አታደክምዎትም። ሻማው ይቅር።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለገጽዎም ብዙ ተከታይ እየተመኘሁ፣ ከነነፍሴና ከነቀለሜ አክባሪዎ ነኝ።

ይመኙሻል ወልደሥላሴ
(እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሕይወት ያለች)
ካላክላ፣ የካቲት ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል እኅቴ ደወለች። እናቴ መቃብሬን ልታይ ተነስታ መተማን አልፋለች፤ ያዘነች እናትን ወረቀት አሳዪ የሚል ወታደር አልተገኘም። ነገ ካርቱም ትገባለች። መጀመሪያ እኔን አቅፋ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ሻማውን ያበራው ማን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ እናቴን ዋሽቻት አላውቅም፤ የቢሮዎን መንገድ አሳያታለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነውና እባክዎ ወንበርና ቀዝቃዛ ውሃ ያዘጋጁላት። ሽመሉን የምትይዘው ለጉልበቷ ነው ይላሉ።