ያልቆረስሁት ክኒን

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ከፈጣም ቆላ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ከተለያየን ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው በጋ ገባ። ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚወጋሽ ጎንሽ እንዴት ነው? እኔ ዛሬ ደኅና ነኝ። ዛሬ ስልሽ ዛሬን ብቻ ነው፤ እዚህ ሰው ጤናውን የሚናገረው ቀን እየለየ ነው። አንድ ቀን ሲንቀጠቀጥ ይውላል፣ በማግስቱ ተነሥቶ እንጨት ይለቅማል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ይህን የምጽፈው በደኅናው ቀኔ ነው። ደኅናው ቀን እየራቀ ስለመጣ አላንዛዛም።

ፊደሉ መጉላቱን ያየ ሰው የቄሱ ዓይን ደክሟል ይል ይሆናል። ዓይኔ ደኅና ነው። የሚያነብልሽ ሰው ቢንተባተብ አትቆጪ፤ መቼም ትዕግሥት ሲታደል አንቺ እቤት አልነበርሽም። ስለ ልጅሽ ለመጠየቅም ከአሁኑ እንደቸኮልሽ አውቃለሁ። ቆይ፣ በተራው እደርስበታለሁ።

ጣሊያን መንደራችንን በነሐሴ መጨረሻ ካቃጠለው በኋላ የተረፍነው ወደ ፈጣም ቆላ ወርደን ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ገባን። አባታችን ስለ ቆላው ማሳው ምን ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቆላ ይታረሳል እንጂ አይታደርም ይል ነበር፤ በሬውን ፈትቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ይወጣል። እኛ ግን የምንወጣበት ቤት አልነበረንም። ቆላ ማደር ግድ የሆነበት ሰው ጭስ አጭሶ እንደሚያድርም እናውቃለን፤ ነገር ግን የጣሊያን አውሮፕላን ጭሱን አይቶ ይመጣል ብለን እሱንም ተውነው። ጭስ የከለከልሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢንቢው ከወንዙ ዳር እየተነሣ ዋሻውን ይሞላዋል፤ እኛም ፊታችንን በጥፊ እየመታን እርስ በርስ እንሣሣቅ ነበር። መስቀል ሳይደርስ የወባው ንዳድ ገባ።

አንቺ የላክሽውን የመጀመሪያውን ክኒን ጌሾ ነጋዴዋ እማዋይሽ ከቡሬ ገበያ ስትመለስ በጌሾ ከረጢቷ ደብቃ አመጣችልን። በምን መንገድ እንዳገኘሽው አልጠይቅሽም። ቃልሽንም አንድ ሳታጎድል ነገረችን፤ ሁሉንም እናታችን ትዋጠው፣ ቢሻላትም እንዳታቋርጥ፣ ለሌላ ሰው አንዲት እንኳ እንዳትሰጡ፣ በሽታውን የሚያመጣው ቢንቢ ነው ብሏል ሐኪሙና ሲመሻሽ ጭስ አጭሱ ብለሽ ነበር። በቢንቢው ሰው ሁሉ ሣቀ። ጎረቤታችን አቶ ክንዱ፣ በመድፍ ያልሞተ ሰው በቢንቢ ሊሞት ነው ወይ፣ ቢሉ እኔም አብሬ ሣቅሁ። በክኒኑ ግን ማንም አልሣቀም። ከሰማይ መርዝ ያወረደ ጣሊያን መድኃኒት ይሰጣል ብሎ ማን ይመን? ስለዚህ አንዱን በሰው ፊት እኔ ዋጥሁት። ምሬቱ እስከ ማግስቱ ከምላሴ አልለቀቀም፤ ግን አልሞትሁም።

እናታችን ከጣሊያን ቤት የወጣ ነገር እንደማትቀምስ ስለማውቅ የዘጌ መነኮሳት የላኩት ነው አልኋት። አዎን፣ ቄስ ሆኜ ዋሸሁ። ሁለት ቀን ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ሳይመጣባት ቀረና ተነሥታ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የዋሻው ሰው ሁሉ ዓይኑን በእኔ ላይ ጣለ። ሌላ አሥር በሽተኛ ነበር። እሷም ዙሪያዋን አየችና፣ ጎረቤቷ እየተንቀጠቀጠ እሷ ብቻዋን የምትድነው በየት አገር ሥርዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በእሷ አላሳብብም። ቢላዋውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የሰንበቱን መክፈልት ሃያ ዓመት ሲቆርስ የኖረ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? ትንሽም ብትሆን ለሁሉ ትዳረስ፣ በረከት በመጠን አይደለም እያልሁ ቆራርሼ አደልሁ። ለልጅሽም ደረሳት። ሳምንት ሙሉ ሁሉም ቀና አለ፤ ውዳሴ ማርያም በኅብረት አደረስን፤ እኔም በልቤ ኮራሁ። በሳምንቱ ንዳዱ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። እናታችንን ጥቅምት አምስት ቀን ከወንዙ ማዶ ቀበርናት። ከእሷ በኋላ አራት ሰው ቀበርን። ያን ክኒን ባልቆርሰው ኖሮ ቢያንስ እሷ ትተርፍ ነበር። ይህን ላንቺ ለመጻፍ አምስት ሳምንት ፈራሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ቡሬ ገብተሽ የጣሊያኖቹን የሐኪም ቤት ልብስ ማጠብ ከጀመርሽ ወዲህ እናታችን ስምሽን ጠርታው አታውቅም ነበር። መንደሩ ባንዳ ሲልሽ፣ የባልሽ ተዝካር ሳይወጣ ጎተራሽ ባዶ እንደነበር የማውቀው እኔ እንኳ ዝም አልሁ። ይቅር በይኝ። ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀራት እናታችን ጠራችኝና፣ "እነዚያን መነኮሳት አመስግንልኝ። ልጃችሁን ደኅና አድርጌ ይዣታለሁ በላቸው" አለችኝ። ፊቴን አዞርሁ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል።

ሁለተኛው ክኒን የደረሰን በጥቅምት መጨረሻ ነው። በዚያ ቀን ልጅሽ እናኑ ዓይኗ ተገልብጦ ስሟን ብንጠራት አትሰማም ነበር። የክንዱ ልጅ ሸጋዬም እንደዚያው ሆናለች። የእኔም የብርዴ ቀን ነበር። የላክሽው ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው፤ ሲቆረስ እንደማያድን ደግሞ አምስት መቃብር ቆፍሬ ተምሬአለሁ። ክንዱ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"አባ፣ ቢላዋው ዛሬ የት ኸደ?" አሉኝ።

ከተቆረሰ ሁለቱም ይሞታሉ አልኋቸው።

"እንግዲያውስ ሙሉውን ለእኔ ልጅ ይስጧት።"

ሙሉውን ለእናኑ ሰጠሁ። ለምን ለእሷ ብትይኝ፣ ካነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ሥጋዬ ስለሆነች ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሸጋዬ በስድስተኛው ቀን ዐረፈች። ፍትሐቷን የፈታሁት እኔው ነኝ። ክንዱ አፈሩን መልሰው ሲያበቁ መስቀሌን ሳይሳለሙ ሄዱ፤ እስከ ዛሬም አልተሳለሙም። አልፈርድባቸውም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልሳለምም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሲመሻሽ ጭስ እናጨሳለን። አውሮፕላኑ ከመጣም ይምጣ ብለናል። እርጥቡን ወይራ እየቆረጡ የሚያመጡት ክንዱ ናቸው፤ እንጨቱን ከአጠገቤ ጥለው ይመለሳሉ። ስለ ቢንቢ አሁን የሚሥቅ ሰው የለም።

ሌላ ክኒን ማግኘት ብትችይ ለክንዱ ታናሽ ልጅ ለንብረት ላኪለት። እማዋይሽ ለክንዱ በእጃቸው ትስጣቸው፤ በእኔ እጅ አይለፍ። ለእኔ አትድከሚ። ዳዊቴንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለእኔ በቃሌ የማውቀው ይበቃኛል።

አሁን ወዳቆየሁት ነገር ልምጣ። ልጅሽ ድና እንደሆነ ትጠይቂኛለሽ። ይህን ከእኔ አትስሚ። ከእማዋይሽ ጋር የመጣችውን፣ ራሷን የተላጨችውን ከሲታ ልጅ እያት። ፊደል ያስቆጠርኋት በዚሁ ዋሻ ውስጥ ነው፤ የእሷ ደኅና ቀንና የእኔ ደኅና ቀን ሲገጥም። ፊደሉን ያጎላሁትም ለእሷ ዓይን ብዬ ነው። ንባቡ ሳያልቅ ማን እንደሆነች እንዳትናገር ያስማልኋት እኔ ነኝና እሷን አትቆጪያት። ቀድመሽ ብታውቂ ደብዳቤውን አትሰሚም ነበር። የሸጋዬን ነገር ሳትሰሚ እንድታቅፊያት አልፈለግሁም።

ከእንግዲህ ካንቺ ጋር ትሁን። ቡሬ ደጋ ነው። ልጅቷ ወንዝ ዳር እንዳታድር፤ ባንዳ ያለሽም ሰው ቢኖር ዝም በይው። የእናታችን ምርቃት በሁለታችሁም ላይ ይደር። እግዚአብሔር ከንዳድና ከሰይፍ ይሰውራችሁ፣ የነጻነቱን ቀን ያሳያችሁ፤ ያን ቀን ስታዩ ሸጋዬንም በጸሎት አስቧት፣ እኔንም አስቡኝ።

እናኑዬ፣ ንባብሽ አለቀ። አሁን ስምሽን ንገሪያት።

ታናሽ ወንድምሽ