ሦስተኛው መልእክት

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ሆስፒታሉ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በሽተኛ ብቻሽን እያነሳሽ ነው? ባለቤትሽ ጥርሱን አስነቀለ ወይስ እንደ ልማዱ ነገ ነገ ይላል? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሌላውን ግን ልዋሽሽ አልችልም። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ የጠፋውም ለዚህ ነው።

እማዬ ልጄ ስልክ ሠሪ ነው እያለች ጎረቤት ሁሉ የተሰነጠቀ ስልኩን እንደሚያመጣላት ነግረሽኝ ስቄ ነበር። ሥራዬ ሌላ ነው። ከስልክ የሚወጣው ነገር ሁሉ ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት በአንድ በር ያልፋል፤ እኔ የዚያን በር ጠባቂ ፕሮግራም እጠግናለሁ። ፕሮግራሙ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ከፍቶ ያርመዋል። ወሳጁ ብዙ ነው፤ አራሚዎቹ ግን እኔና ጺሞ የምንለው ባልደረባዬ ብቻ ነበርን። እሱም አምና ዓይኔ ደከመ ብሎ ተወው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲባል የምንሰማው፣ በእኔ ላይ ደረሰ።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ የኔትወርክ ቴክኒሻን ጻፈልኝ። የሚሠራው ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ እዚያ መደወል እንኳ የሚቻለው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሰው ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር ስልኩ ኔትወርክ ሙሉ ያሳያል፣ ግን ምንም አያልፍም አለኝ። ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ላክልኝ አልኩት። ላከ፤ አላየሁትም። ከእሱ በፊት አራት መቶ የሚያህል አቤቱታ ተሰልፎ ነበር። ደግሞ ሲጽፍ፣ የፕሮግራሙን አዲስ ቅጂ ጫን ብዬ ለአፍ ያህል መለስኩለት።

ሦስተኛው መልእክት አጭር ነበር። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ምጥ የጠናባትን ሴት በመኪና ይዛ ስትወርድ ሴትየዋ መንገድ ላይ ወለደች። ደሙ አልቆም ቢል አዋላጇ ሐኪም ልትጠይቅ ደጋግማ ደወለች፤ አልሄደላትም። እናትየው አረፈች፣ ሕፃኗ ተርፋለች። ልወቅስህ አይደለም፣ ብቻ እባክህ እየው ይላል።

ያኔውኑ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ስህተቱን አገኘሁት፤ አንዲት መስመር ናት። ስልኩ ማማ ሲቀይር ጠባቂው አዲሱን አድራሻ መያዝ ሲገባው አሮጌውን ይዞ ይቀራል፤ መልሱንም ማንም ወደሌለበት ይልካል። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ስለሚታይ፣ ምነው ጺሞ በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ ይቅር ይበለኝ። የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ ከስድስት ዓመት በፊት።

አርሜ ላክሁለት። ሠርቷል፣ እናመሰግናለን አለኝ። ያ ምስጋና ከስድብ ባሰብኝ። ደወልኩለት። የሟቿ ባል ምክንያቱን ያውቃል ወይ ስለው፣ ምን ብዬ ልንገረው፣ ማሽን ረሳት ልበለው አለኝ። ሕፃኗ አያቷ ዘንድ ናት አለ።

ለጺሞ ደውዬ፣ ና አግዘኝ አልኩት። ዓይኔ ምንም አልሆነም አለኝ። ለካ እሱም እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት ኖሯል፤ በእሱ ስህተት የእሳት አደጋ መኪና ሳይጠራ ቀርቶ። ያልነገርኩህ አንተም እንዳትተወው ፈርቼ ነው አለ።

ባለፈው ሳምንት በፕሮግራሙ ገጽ ላይ፣ ደክሜአለሁ፣ የሚረከበኝ ሰው እፈልጋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ስልሳ ሰው አይዞህ አለኝ። እኔ ልያዘው ያለ አንድም የለም። በዚያው ሳምንት ሃያ ሁለት አዲስ አቤቱታ ገባ። ሁሉንም አነባለሁ፣ ግን እጄ አይታዘዝም፤ የምነካው መስመር ሁሉ ሌላ ሰው የሚገድል ይመስለኛል። ብተወው ደግሞ የሚያነበው እንኳ የለም።

ለእማዬ ይህን አታንብቢላት፤ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው በያት። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ባለቤትሽን፣ ጥርስ ነቃዩ አይበላህም ብሏል በይው። ትልቋ ልጅሽን ስለ ፈተናዋ፣ መንትዮቹን ደግሞ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

አንቺ ሃያ ዓመት በሽተኛ አስታመሻል። በእጅሽ ሰው ሲያልፍ፣ ማግስቱን ጠዋት ያንኑ ነጭ ጋዋን እንዴት ነው የምትለብሺው? እንድታጽናኚኝ አይደለም። እንዴት እንደምትለብሺው ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር ፱ ቀን