ስለ ዴሪቬቲቭና ስለ ወንድም ባርኮት

ለውድ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የሰጡሽን መድኃኒት ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ትራስ ሥር ከተትሽው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ተቀይሟል። በስልክ ብነግርሽ ነገሬን ሳልጨርስ ታለቅሺና ታስቆሚኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ከፋሲካ በኋላ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚያመልከው የወንድም ባርኮት አጎቶች እኔን ለእሱ ሊጠይቁ ሽማግሌ ሆነው ቤትሽ እንደሚመጡ አውቃለሁ። እሺ እንዳትያቸው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ካልኩለስ የሚባለውን ሂሳብ ካላለፍኩ ኢንጂነሪንግ አልገባም፤ እዚሁ ኦቤትስ የሚባለው ሰፈር፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር አረጃለሁ ማለት ነው። ዴሪቬቲቭ የሚሉት ነገር አልገባኝ ብሎ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ። በሳምንቱ ባርኮት ኮል አደረገኝና ላስጠናሽ አለኝ። እዚሁ አጠገባችን ደብሊን በምትባል ከተማ ትልቅ ኦፊስ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ምን ቢያስተምረኝ ጥሩ ነው? ኤክስ ስኩዌር ሲመጣ ሁለቷን ወደ ፊት አውርጂ፣ ከላይ አንድ ቀንሺ፣ ሁለት ኤክስ፣ በቃ። ለምን ስለው ሳቀብኝ። ለምን አትበይ፣ ዝም ብለሽ አውርጂ አለ። ግራ ስጋባ ደግሞ ጭንቅላቴ ላይ እጁን ጭኖ የድንዛዜን መንፈስ ይገሥጻል። አለመረዳቴ ጋኔን ሆኖ አረፈው!

ነገሩ የገባኝ ብቻዬን፣ ከሥራ ስመለስ ሀይዌይ ላይ ነው። የሄድኩትን መንገድ ለፈጀብኝ ጊዜ ባካፍለው የሚወጣው አማካይ ፍጥነቴ ነው። ፊቴ ያለው የመኪናዬ የፍጥነት መለኪያ መርፌ የሚያሳየኝ ግን የአሁኗን ቅጽበት ነው። ጊዜውን እያሳጠርኩ፣ እያሳጠርኩ ብሄድ አማካዩ ወደ መርፌው ይጠጋል። ዴሪቬቲቭ ማለት ይኸው ነው፣ እናቴ! መኪና ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ሁለተኛውን ፈተና በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ባለፈው እሁድ ባርኮት ለምስክርነት ወጣ። ማይክ ይዞ፣ ስሜን ጠርቶ፣ ከወንበሬ አስነሥቶ፣ «ይህች እህታችን ወድቃ ነበር፤ ጌታ በእኔ ተጠቅሞ አነሣት» አለ። ጉባኤው ሃሌሉያ እያለ አጨበጨበ። ወድቃ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ወደ አገሬ መልሱኝ አለች ብሎ ሲጨምር ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ስንወጣ «አከበርኩሽ እኮ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሳልጨብጠው መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። አስጠላኝ። ድምፁ፣ ሽቶው፣ ያስተማረኝ ሁሉ አስጠላኝ።

መውደቄን ለባርኮት አልነገርኩትም። አብራኝ የምትኖረው ቢታንያ እንኳ አታውቅም። ያን ዕለት ሽንት ቤት ቆልፌ እያለቀስኩ የደወልኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። «አይዞሽ ልጄ፣ ከእኔ አይወጣም» ያለኝም ያው ሰው ነው።

ስለዚህ እንዴት አወቀ ብዬ አልጠይቅሽም። ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥተሽ በሰላም ሸኚልኝ። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናው፤ ዕድሜና ጤና አይንሳሽ። መደወልሽን አትተዪ፣ ድምፅሽን ካልሰማሁ አልችልም። ስለ ትምህርቴ ግን ከእንግዲህ አትጠይቂኝ።

ልጅሽ